እንቅርቴና የገሊላ ሰርግ

ጥቅምት 5 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ሰኞ

ይህን ደብተር የገዛሁት ወድጄ አይደለም። ዶክተር ቶኩማ የሚባል ልጅ እግር ሐኪም ዛሬ አንገቴን ግራና ቀኝ ሲዳስስ ቆየና፣ "እትዬ ዘውደነሽ፣ ሲያንቅዎት መቼ እንደሆነ፣ ምን ሲያደርጉ እንደነበረ እየጻፉ ያምጡልኝ" አለኝ። አያንቀኝም አልኩት። "እሺ፣ ካነቀዎት" አለ። ጨዋ ልጅ ነው።

ሃያ ዓመት በዞኑ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ተቀምጬ የሰው ጉዳይ መዝግቤያለሁ። የራሴን አንድ ቀን ጽፌ አላውቅም። እንግዲህ ልጀምር። ዛሬ አላነቀኝም። የሆስፒታሉን ዳገት ስወጣ ሦስት ጊዜ ቆሜያለሁ፤ እሱ ግን ከጭቃው ነው። በዚህ ጭቃ የመቱን ዳገት ሳይቆም የሚወጣ ሰው ካለ እሱ ይመርመር።

ጥቅምት 8፣ ሐሙስ

ከታችኛው መደርደሪያ ፋይል ሳነሳ። ትንሽ። ቶሎ ለቀቀኝ።

ጥቅምት 11፣ እሑድ

ዛሬ ስለ አንገት አልጽፍም። የኪቲላ ሽማግሌዎች ከሁሩሙ መጥተው ነበር። ቁርጡ ሆነ፤ ልጄ ገሊላ ጥር 19 ትዳራለች።

ኪቲላ አስተማሪ ነው። ረጅም፣ ዓይነ አፋር፣ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ጉልበቱን የሚያስቀምጥበት የሚጠፋው ልጅ። እወደዋለሁ። ለእሱ ግን አልነግረውም፣ ይጠግባል። ሽማግሌዎቹ ሊወጡ ሲሉ ነጭ ጢም ያላቸው አንዱ አባት ወደ እኔ ዞረው፣ "በር ላይ ሰው የምታቆመው ሴት አንቺ ነሽ አሉ። ለጥር ስንቅ ቋጥረን እንምጣ?" አሉኝ። ቤቱ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ውስጤ ግን ኮራ ብሏል።

እውነታቸውን ነው። በእኛ አገር የሙሽራው ወገን ደጅ ሲደርስ የሙሽሪት ወገን ሴቶች በሩን ይዘው ይዘፍናሉ። አንዷ ግጥሙን ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ከውጭ ያሉትም በግጥም ይመልሳሉ። አውጪዋ ግጥም እስኪያልቅባት በሩ አይከፈትም። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ልጅ በር ስይዝ ግጥም አልቆብኝ አያውቅም፤ በሩ የሚከፈተው ሽማግሌ ለምኖኝ ነው። አንድ ጊዜ ኖፓ ላይ ሰርገኛውን ዝናብ ውስጥ ሁለት ሰዓት አቁሜዋለሁ። ሙሽራው እስካሁን መንገድ ላይ ሲያየኝ ጃንጥላውን ያሳየኛል።

ለሰው ልጅ ሁሉ አውጥቼ የራሴን ልጅ በር ደግሞ እንዴት እንደምይዘው አሳያቸዋለሁ።

ጥቅምት 14፣ ረቡዕ

ዶክተር ቶኩማ ፊልሙን መስኮት ላይ አድርጎ አሳየኝ። እንቅርቱ ወደ ውስጥ አድጓል አለ። የአየር ቧንቧዬን አጣሞታል። ጅማ ሄጄ ቀዶ ሕክምና ማድረግ አለብኝ፣ ቶሎ።

"ድምፄስ?" አልኩት።

የድምፅ ነርቭ እዚያው ጎን እንደሚያልፍ፣ አንዳንዴ እንደሚጎዳ ወይም እንደሚደነግጥ፣ አብዛኛው ሰው ግን በጊዜ እንደሚመለስለት ነገረኝ። "አብዛኛው" የምትለዋን ቃል ይዤ ወጣሁ። እስከ ቤቴ አብራኝ መጣች።

ከሰርጉ በኋላ አደርገዋለሁ። አሁን ቡናው ሊደርስ ነው፤ ጓሮ ያለችው ትንሽ ብትሆንም የሚለቅም ሰው ትፈልጋለች። መሥሪያ ቤትም ማህደር ወደ ኮምፒውተር እናስገባለን ብለው ተነስተዋል፣ ያለ እኔ ደግሞ አንድ ፋይል አያገኙም። ጅማም ሩቅ ነው። ጥር እስኪያልፍ ምን ይሆናል? ሠላሳ ዓመት አብሮኝ የኖረ ነገር ነው።

ጥቅምት 25፣ እሑድ

ባሌ ዲበኩሉ ከጓደኞቹ ጋር ኳስ ሊያይ ወጥቷል። ገሊላ ጥናት ላይ ነኝ ብላ ከኪቲላ ጋር በስልክ እየተሳሳቀች ነው። ቤቱ ጸጥ ብሏል፤ ስለ እናቴ ልጻፍ።

ያደግነው ኖፓ ነው። አባቴ ከላይ አገር ጨው እያመጣ ማር የሚገዛ ነጋዴ ነበር። እናቴ የኖፓ ሰርግ ሁሉ አውጪ ነበረች። በአማርኛ ታወጣለች፣ በኦሮምኛ ታወጣለች፣ እንደ ደጁ ነው። እንቅርቷ ደግሞ የእኔን አሥር እጥፍ ያህላል። በዚያ ዘመን እኛ ሰፈር እንቅርት የሌለበት አንገት ማየት ነበር ብርቁ። እናቴ የእሷን በነጠላ አትሸፍነውም። ስትዘፍን ከፍ ዝቅ ሲል አያለሁ፤ እኔና ታናሽ እህቴ ሃይማኖት ድምፁ ከዚያ ውስጥ የሚወጣ ይመስለን ነበር። አንድ ቀን ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኳት። "ግጥሜን የማስቀምጥበት ነው" አለችኝ። ጆሮዬን ለጥፌ አዳመጥኩ። ድብ ድብ የሚል ነገር ሰማሁ፤ የደም ስሯ ነበር፣ እኔ ግን ከበሮ መሰለኝ።

እሷ ለቀልድ ነው ያለችው። እኔ ግን አመንኩ። የሰፈሩ ልጆች ሁሉ አመኑ። የተሸከሙትን እናቶች እያየን ማን የበለጠ ዘፈን እንዳላት እንገምት ነበር። የዝምተኛዋ ጎረቤታችን እንቅርት ትልቅ መሆኑ ብቻ ግራ ያጋባን ነበር፤ በልቧ ትዘፍናለች ብለን ተስማማን።

አሥራ ሦስት ዓመት ሲሆነኝ አንገቴ ላይ ትንሽ እብጠት ወጣች። ሌላ ልጅ ያለቅሳል። እኔ ሮጬ ሄጄ ለሃይማኖት "መጣልኝ" አልኳት።

ይህን ገጽ ዶክተሩ አያየውም።

ኅዳር 1፣ ቅዳሜ

ደረጃ ስወጣ። ከዚያም ስስቅ። ሳቅ ላይ ሲሆን ደስ አይልም።

ዲበኩሉ ሰሞኑን እንቅልፍ የለውም። በነቃሁ ቁጥር ተቀምጦ አገኘዋለሁ። ምን ሆንክ ስለው ውኃ ጠማኝ ይላል። ሒሳብ አስተማሪ ስለሆነ የተማሪ ፈተና ያስጨንቀው ይሆናል። በአርባ ዘጠኝ ዓመቱ ስኳር እንዳይሆን ይመርመር እያልኩት ነው።

ኅዳር 5፣ ረቡዕ

መሥሪያ ቤት ኮሪደር ላይ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ሰማሁ። እኔ መደርደሪያው ኋላ ነበርኩ። "ለልጇ ሰርግ ራሷ ልታወጣ ነው አሉ።" "ምን በድምጿ? ሙዚቃ ቤት አይከራዩም? ድሮ ቀረ እኮ።" የመጀመሪያዋ ደግሞ፣ "ትንፋሿን አልሰማሽም? ስትናገር ያፏጫል" አለች።

ወጥቼ ሰላም አልኳቸው። ደነገጡ። የጠየቁትን ፋይል አውጥቼ ሰጠኋቸው።

አያፏጭም። ገሊላን ጠየቅኳት፣ "ኧረ እማዬ፣ ምንም የለም" አለች። መልሳ ግን ወደ ጓዳ ገባች፣ ብዙም ቆየች።

ኅዳር 9፣ እሑድ

ሁሩሙ ሰርግ ነበር። የመሥሪያ ቤታችን ሾፌር እህት። በር ያዝኩ። እጽፈዋለሁ፤ ሲያንቀኝ እጽፋለሁ ብዬ ነበርና እጽፈዋለሁ።

ጥሩ ጀምሬያለሁ። ሽብሬ እንደ ሁልጊዜው በቀኜ ቆማለች። ሽብሬ ጎረቤቴ ናት፣ ማር ነጋዴ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ተቀባዬ። የእሷ መቀበል ከሌለ የእኔ ማውጣት ባዶ ነው፤ እኔ ሳልጨርስ ታነሳለች፣ ሌሎቹ እሷን ይከተላሉ። አራተኛው ግጥም ላይ ስደርስ አየሩ ጠፋ። አፌ ተከፍቷል፣ ምንም አይገባም፣ ምንም አይወጣም። አጥሩን ያዝኩ። ሽብሬ አየችኝ። የመቀበያውን ስንኝ ደገመችው። ደግሞ ደገመችው። እያጨበጨበች፣ እየዘለለች፣ ሴቶቹን እያዞረች ሰባት ስምንት ጊዜ ሳትደግመው አልቀረችም፤ ሰው አዲስ ዓይነት አዘፋፈን መሰለው። እኔ እስክተነፍስ ድረስ።

ከዚያ አንድ ግጥም አውጥቼ በሩን አስከፈትኩ። "ዛሬ ቸር ሆነሻል" አሉኝ።

ማንም አላወቀም። በሚኒባሱ ስንመለስ ሽብሬ አንድ ቃል አልተናገረችም። እሷና ዝምታ ተገናኝተው አያውቁም፤ እኔ ደከማት አልኩ።

ኅዳር 10፣ ሰኞ

ሽብሬ ጠዋት መጣች። "አካም ቡልቴ"፣ እንዴት አደርሽ፣ ስትለኝ ፊቷ እንደ ወትሮው አልነበረም። አልተቀመጠችም።

"መቼ ነው ጅማ የምትሄጂው?"

"ከሰርጉ በኋላ አልኩሽ እኮ።"

"ትናንት ብትሞቺስ? ሰው መሐል፣ እኔ እያጨበጨብኩ?"

"አልሞትኩም።"

"እንግዲያው ስሚኝ። ከዛሬ ጀምሮ ጅማ ሄደሽ እስክትመጪ ድረስ አልቀበልሽም።"

ሳቅኩባት። እሷ አልሳቀችም። የማር ጣሳዋን አንስታ ወደ ገበያ ሄደች።

ኅዳር 14፣ ዓርብ

ነገ ጾም ይገባል፣ ከዚያ እስከ ገና ዘፈን የለም። ስለዚህ የሰፈር ሴቶች ከሰዓት በኋላ እኛ ግቢ ተሰብስበው ነበር፣ ለጥር መለማመጃ ነው። ለገሊላ በር ያዘጋጀሁትን የመጀመሪያ ግጥም አወጣሁ፦

ሙሽራው ቁመቱ ከበሩ ይበልጣል፤
ጎንበስ ማለት ያውቃል? ወይስ ደጅ ይቀራል?

ግጥሙ ጥሩ ነው፣ ሴቶቹ ሳቁ። ከዚያ የመቀበያው ተራ ደረሰ። ሁሉም ወደ ሽብሬ አዩ። ሽብሬ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ መሬት መሬት ታያለች። ደግሜ አወጣሁ። ማንም አልተነሳም። ዶሮ ስትጭር ይሰማል። ሦስተኛ ጊዜ አወጣሁ፣ እየጮህኩ። ዝም።

በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶብኝ አያውቅም። ሰው ፊት ራቁቴን የቆምኩ መሰለኝ። ድምፄን ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን ሰማሁት፣ ማንም ሳይሸፍነው። ያፏጫል።

ሴቶቹ አንድ በአንድ "በይ ደህና እደሪ" እያሉ ወጡ። ሽብሬ መጨረሻ ነበረች። በዓይኗ እንባ ነበር፤ ደስ አለኝ። ክፉ ነኝ።

ኅዳር 17፣ ሰኞ

ከሽብሬ ጋር አንነጋገርም። በአጥር በኩል ቡናዋን ስታሰጣ አየሁ። እኔም የእኔን አሰጣሁ። ሁለታችንም ያለ ቅጥ ብዙ ጊዜ ገለበጥነው።

ኅዳር 19፣ ረቡዕ

ሌላም አለ። ካልጻፍኩት አይለቀኝም።

ሰባተኛ ክፍል እያለን ጤና ጣቢያ የመጡ ሰዎች ለእንቅርት ብለው ለተማሪው ሁሉ እንክብል ሰጡ። እፊታቸው አፋችን ውስጥ ማስገባት ነበረብን። እኔ አፌ ውስጥ ያዝኩትና ውጭ ወጥቼ ተፋሁት። እብጠቷ እንዳትጠፋብኝ። ግጥም ልታወጣልኝ የመጣች ናት፣ እንዴት አጠፋታለሁ? በደንብ ጠርጌው ለሃይማኖት ሰጠኋት፣ አንቺ ምንም የለሽም፣ ድርሻዬንም ዋጪው ብዬ። የሃይማኖት አንገት እስከ ዛሬ እንደ ብርጭቆ ነው። በዘፈን ግን አንድ ስንኝ አታወጣም።

ይህን ለዲበኩሉ እንኳን ነግሬው አላውቅም። የተማርኩ ሴት ነኝ። ቤቴ አዮዲን ካለው ጨው በቀር አይገባም፣ ገሊላን በዚያ ነው ያሳደግኳት። እንዲህ ያለ የልጅ ነገር አላምንም። ታዲያ ዶክተሩ ቶሎ ሲለኝ ስለምን ድምፄን ብቻ ጠየቅኩት? እሞታለሁ ወይ ብዬ አልጠየቅኩም።

ኅዳር 24፣ ሰኞ

ወደ ሆስፒታል ሄድኩ። ማንም አልላከኝም።

ዶክተር ቶኩማ ደብተሩን ጠየቀኝ። ሁለቱን ገጽ ቀድጄ ልጥል አስቤ ነበር፣ ረሳሁት፤ ወይም አልረሳሁም። ተቀምጦ አነበበ። ኖፓ ላይ ሲደርስ ፈገግ አለ። እንክብሉ ላይ ሲደርስ ቀስ ብሎ ዘጋው።

"አያቴ ዳሪሙ ይኖሩ ነበር። የእሳቸው እንቅርት ደግሞ የእህል ጎተራ ነበር" አለኝ። "የረሃብ ቀን ይጠቅማል ይሉን ነበር። እኛም እናምን ነበር።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ሐኪም ሆንኩ።" ወረቀት ሳበና፣ "ለጅማ ደብዳቤውን ልጻፍ?" አለኝ።

ጻፍ አልኩት።

ስመለስ በሽብሬ ደጅ አለፍኩ። አልገባሁም፣ ግን ደብዳቤውን በአጥሩ በኩል አሳየኋት። እጇን አፏ ላይ አድርጋ፣ "ጋሪዳ፣ ጋሪዳ" አለች፣ ደግ አደረግሽ ማለቷ ነው። እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች አላውቅም። በእሷ ላይ ሁለቱ አይለዩም።

ታኅሣሥ 5፣ ዓርብ

ጅማ። ሃይማኖት ቤት። ዲበኩሉ ከትምህርት ቤት ፈቃድ ወስዶ አብሮኝ መጣ። አውቶቡስ ላይ ሁለት ጊዜ አነቀኝ፤ የሁለቱንም ሰዓት ይዟል። እንዴት ሊያውቅ ቻለ? ዞሮ እንኳን አላየኝም።

ታኅሣሥ 7፣ እሑድ

ለሃይማኖት ነገርኳት። ሽንኩርት እየላጠች ነበር። እንክብሉን፣ መትፋቴን፣ የእሷ አንገት በእኔ ድርሻ ለስልሶ የእኔ አብጦ መቅረቱን፣ ሁሉንም። እስክጨርስ ሰማችኝና ቢላዋውን አስቀመጠች።

"እታለም፣ ያንን ያንቺን እኮ ለዶሮ ነው የሰጠሁት።"

"ለማን?"

"ለዶሮ። አንቺ የተፋሽውን እበላለሁ? ያቺ ነጠብጣቧ። ምን ያህል እንደኖረች ታስታውሻለሽ?"

ዲበኩሉ ከሳሎን ምን ሆናችሁ ብሎ እስኪመጣ ሳቅን። አነቀኝ፣ ሆኖም ሳቅኩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይህን ተሸክሜ፣ ለእህቴ መስዋዕት የከፈልኩ ያህል ሲሰማኝ፣ ለካ ተጠቃሚዋ ዶሮ ነች። ሃይማኖት ኋላ ላይ፣ ስንረጋጋ፣ "እኔ እኮ ስትዘፍኚ እቀናብሽ ነበር። እኔ የራሴን ዋጥኩ፣ አንቺ አልዋጥሽም፣ ዘፈኑ ላንቺ የቀረው ለዚያ ነው ብዬ እናደድ ነበር" አለችኝ። ይህን አላውቅም ነበር።

ታኅሣሥ 10፣ ረቡዕ

ነገ ነው። ሽብሬ ስልክ ደወለች፤ ስለ ማር ዋጋ ብቻ አወራችልኝ። መጨረሻ ላይ "እጠብቅሻለሁ" ብላ ዘጋችው።

እፈራለሁ። እዚህ ላይ ብጽፈው ማንም አይስቅብኝም። እፈራለሁ።

ታኅሣሥ 14፣ እሑድ

አለሁ።

ጉሮሮ ያቃጥላል። ትራስ ከፍ ተደርጓል። አየር ግን! እንዲህ ይተነፈስ ኖሯል? ረስቼው ነበር።

ድምፅ የለም። አፌን ስከፍት ንፋስ ብቻ ነው የሚወጣው።

ሐኪሙ፣ ነርቩ አልተቆረጠም፣ ደንግጧል፣ ሳምንታት ወይም ወራት ሊፈጅ ይችላል አለ። ሃይማኖት እጄን ይዛ ነበር። እኔ ቀን ቆጠርኩ። እስከ ጥር 19 ሠላሳ አምስት ቀን።

ታኅሣሥ 22፣ ሰኞ

መቱ ገባን። የሶር ወንዝን ድልድይ ስንሻገር ዝናብ ነበር፤ በታኅሣሥ። አገሬ መሆኑን አወቅኩ።

ቤተሰቡን የማነጋግረው በዚህ ደብተር ነው። "ጨው አንሷል።" "በሩን ዝጉ።" "ሽሮው አሯል፣ ይሸተኛል።" ገሊላ ትስቃለች፣ በጽሑፍም ትቆጪናለሽ ትላለች።

ዛሬ ጠዋት ከእንቅልፌ ስነሳ ዲበኩሉ ተኝቶ ያንኮራፋል። ስንት ወር ሆነው እንዲህ ከተኛ። ሲነቃ ደብተሩን ሰጠሁት፦ "ውኃ ጥሙ ተወህ?" ብዬ። አንብቦ፣ መናገር ሲችል፣ እስክሪብቶዬን ተቀብሎ ከሥር ጻፈበት። ይኸው እጁ፦

እስትንፋስሽን እየቆጠርኩ ነበር። አንዳንዴ መሐል ላይ ይዘል ነበር። አሁን ግን አይዘልም።

እኔ ደግሞ ስኳር ብዬው ነበር። አምላኬ ይቅር ይበለኝ።

ታኅሣሥ 30፣ ማክሰኞ

የገና ማግስት። ትንሽ ድምፅ መጣ። የእኔ አይደለም። ወፍራም፣ ሻካራ፣ ሁለት ክንድ ከራቅሽ የማይሰማ። ሽብሬ "የአባትሽን ድምፅ ሰጡሽ" አለች። እውነቷን ነው። ዶክተር ቶኩማ ጥሩ ምልክት ነው ይላል፣ ይሻሻላል፤ ለጥር ግን አይደርስም።

ገሊላ አጠገቤ ተቀመጠች። "እማዬ፣ በሩን ማንም ባይይዘውስ? ሙዚቃ ቤት እንከራይ። ሰዉ ይረዳል።" ይህን ስትል ሳታየኝ ነበር። በልጅነቷ በየሰርጉ ጀርባዬ ላይ ታዝላ ነው ያደገችው። እንቅልፍ የሚወስዳት እኔ ስዘፍን ብቻ ነበር፤ ስጨርስ ትነቃለች። የእሷ በር ዝም ሲል እንዴት እችላለሁ?

ሽብሬን ያዝኳት። አንቺ አውጪ አልኳት። ፈራች። "እኔ ግጥም የለኝም። ዕድሜዬን በሙሉ ያንቺን ነው የተቀበልኩት። መጀመሪያውን አውጥቼ ከዚያ ምን ልል ነው?"

ጥር 6፣ ሰኞ

አገኘሁ። ከሽብሬ ኋላ እቆማለሁ። ግጥሙን በጆሮዋ እነግራታለሁ፣ እሷ ታወጣዋለች። ድምፅ የሚያስፈልገኝ ለአንድ ጆሮ ብቻ ነው፤ ያን ያህል አለኝ።

ጥር 8፣ ረቡዕ

ጓሮ፣ ከቡናው ሥር ሞከርነው። ጉድ ነው። ስነግራት ይኮረኩራታል፣ ትስቃለች። ከዚያ ትረሳለች። የእኔን አማርኛ መሐል ላይ ትጥልና በኦሮምኛ ትጨርሰዋለች። ተቆጣኋት፣ "ያልኩሽን በይ።" እሷም፣ "አንቺ ትይዋለሽ፣ እኔ እዘፍነዋለሁ። ማን ነው ዘፋኟ?" አለችኝ። ከተሰፋው አንገቴ ሳቅ ወጣ፤ ከጥቅምት ወዲህ ያለ ጭንቀት የሳቅኩት የመጀመሪያው።

ጥር 16፣ ሐሙስ

ሰው በሰው ላይ። ማር። ድንኳን። ዝናብ እንዳይመጣ። ለመጻፍ ጊዜ የለኝም።

የገሊላ አልጋ ላይ ልብሶቿ በሻንጣ ሆነው አየሁ። ሻንጣው እስከዚህ ትንሽ ነው እንዴ?

ጥር 20፣ ሰኞ

ሰው ሁሉ ሄዷል። ዲበኩሉ ድንኳኑን ከሚያፈርሱት ጋር ነው። በረንዳ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፈው።

ትናንት አምስት ሰዓት ሲሆን ሁሩሙዎች መጡ። አራት ሚኒባስ፣ ጡሩንባ እየነፉ። ዱሬቲ የምትባል የኪቲላ አክስት ከፊት ሆና ነበር፤ ድምጿ ተራራ የሚሻገር ነው። ስሟን ከዚህ በፊት ሰምቻለሁ፣ እሷም የእኔን ሰምታለች። በአጥሩ ክፍተት ስታየኝ አንገቴ ላይ ያለውን ጠባሳ አየች፣ ከዚያ ጭንቅላቷን ዝቅ አድርጋ ሰላም አለችኝ። ወዲያው ደግሞ ዘፈነችብን፤ ይህ በር አርጅቷል፣ ብንተነፍስበት ይወድቃል ብላ።

ሽብሬ ፈዛ ቀረች። ሴቶቹ ይጠብቃሉ። ወደ ጆሮዋ ተጠጋሁ፦

ከሁሩሙ መጥታችሁ ጭቃውን ረግጣችሁ፤
እግር ሳትታጠቡ ማን ግቡ አላችሁ?

ሽብሬ ዘፈነችው። መጀመሪያ እየተንቀጠቀጠች፣ ሁለተኛውን ስንኝ ግን ልቧ ሞልቶ። ሴቶቹ ተቀበሉ። ውጭ ያሉት ሳቁ፣ እግራቸውን ማየት ጀመሩ። ከዚያ አልቆምንም። እኔ በአማርኛ ስነግራት እሷ ግማሹን በኦሮምኛ ታዞረዋለች፤ ዱሬቲ በቋንቋዋ ስትወጋን በቋንቋዋ ትወጋታለች። ያልነገርኳትንም ትጨምራለች። አንዴ ስለ ኪቲላ ጉልበት የሆነ ነገር አለች፣ እኔ እንኳን ሳልሰማው ሁሩሙዎች መሬት ላይ ወደቁ በሳቅ። "ሲርቢ!" ይላሉ ከውጭ፣ ዝፈኚ፣ ራሳቸው የተሰደቡት።

በአንዱ ግጥም ላይ ለሽብሬ ሲቀበሉላት እኔም አፌን ከፈትኩ። በዕድሜዬ ተቀብዬ አላውቅም፤ ሁልጊዜ የማወጣው እኔ ነኝ። በዚያ ወፍራም ድምፄ፣ ከሃያ ሴት መሐል ገብቼ፣ ተቀበልኩ። ማንም አልለየኝም። ደስ አለኝ።

አንድ ሰዓት ከሩብ ይዘናቸዋል። ነጭ ጢም ያላቸው አባት ከውጭ ሆነው፣ "ስንቃችን አለቀ፣ ልጆቼ" ሲሉ ሰማሁ። ሽብሬ ላቧን ጠርጋ ጆሮዋን ወደ አፌ አስጠጋች። ሴቶቹም ዞሩ። ገና መጀመሯ ነበር፤ እስከ ማታ ታቆማቸው ነበር። ለማንም በር ያላወጣሁት፣ ለገሊላ ብዬ ከጥቅምት ጀምሮ ያስቀመጥኩት አንድ ግጥም ነበረኝ። ከቀረኝ ሁሉ ምርጡ እሱ ነው። እሱን ካልኩ ሌላ ሃያ ይከተለዋል፣ አውቀዋለሁ። እዚህም አልጽፈውም።

ወደ ቤቱ ዞርኩ። ገሊላ መጋረጃውን ገልጣ ታየናለች፣ አላለቀሰችም፣ አልሳቀችም። ጫማዋን አድርጋ ቆማለች።

ሽብሬ፣ "በይ እንጂ፣ ቀጣዩን" አለችኝ።

"አለቀብኝ" አልኳት።

አላመነችኝም። ሃያ ሁለት ዓመት ታውቀኛለች፣ ዓይኔን ስታየኝ ቆየች። እጄን በትከሻዋ ላይ አሳልፌ መቀርቀሪያውን እኔው ሳብኩት።